ብልቃጡን ማን ነካው?

ለማትጠገቢው እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት መቀባት ጀመርሽ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን አድርጊ ሲሉሽ «ደህና አያለሁ» እያልሽ መርፌ የምታሰኪው በግምት መሆኑን ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አትመርምሪ፤ እኔም የራሴ ወሬ አቀባዮች አሉኝ። አባባስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው? «ደህና ነው» ስትዪኝ ድምፅሽ ትንሽ ፈጠን ያለ መስሎኝ ነበርና ሲያስል ወይም ሳያስል በራሱ አፍ ይንገረኝ። እኔ ናፍቆታችሁ ከሚያዝለኝ በቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስወጣ የካፖርቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ እቆልፋለሁ። ይህን ሳትጠይቂኝ የጻፍኩት መጠየቅሽ ስለማይቀር ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ሚጣ እንደምትሆን አውቃለሁ። ሚጣዬ፣ አሁን የምናገረው ላንቺ ነው፦ አንድም መሥመር ሳትዘልዪ፣ ከራስሽም ሳትጨምሪ አንብቢላት። ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ነበር ብዬ የጻፍኩትን ዘለሽ «በጣም ደህና ናት» ማለትሽን ደርሼበታለሁ። ይኼኛው ደብዳቤ ላይ የሚዘለል ነገር የለም፤ የሚያስፈራው ክፍል ሲመጣ እማዬን ውሃ አጠጪና ቀጥዪ።

ያው የድሮው ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሲሞቅ የሚንኳኳ ማሞቂያ። ከበታቼ የምትኖረው አሮጊት ስገባና ስወጣ በሯን በስንጥቅ ከፍታ ታየኛለች፤ እኔም አያታለሁ፤ ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን እየጠበቅን ደህና አለን። ታች በሩ አጠገብ ያለው የፖስታ ሳጥኔ ክዳኑ አይገጥምም። ስለዚህ ስትጽፉልኝ ፖስታው ላይ ሙጫውን አትሠሥቱበት።

ወደ ነገሬ ልግባ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር፤ ግን አንቺ ስልክ ላይ ስትሆኚ ሰው ጀምሮ አይጨርስም። ደብዳቤን ማቋረጥ አይቻልም ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ጉዳዩ ስለዚያ ሰውዬ ነው፤ አንቺ «ሌባው» ስለምትዪው፣ እኔና አንቺ ተማክረን ከሥራው ልናስነቅለው ስለነበረው ሰውዬ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳሽ። ለሰው ሁሉ «መብራት ላይ ነው የምትሠራው» እያልሽ አምፖል ቀያሪ አስመስለሽኛልና። የምሠራው በፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ማለት፣ ዓይን ከሚያየው እጅግ ዝቅ ብለሽ ብታዪው፣ የተወሳሰበ ክር ነው። አንቺ በክር ፋብሪካው የግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለሽ የተበተነና የተዘበራረቀ ክር በጆንያ ይመለስልሽ አልነበር? እንደዚያ ያለ ነው፤ የሙያው ሰዎች ፖሊመር ይሉታል። ሲሞቅ ክሮቹ እርስ በርሳቸው እየተሹለከለኩ ይሄዳሉ። ሲቀዘቅዝ ቦታው ይጠብባቸዋል፣ እየሰነፉ እየሰነፉ ይመጣሉ። አንድ የሙቀት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሳይሰለፉ፣ ሳይደረደሩ፣ እንደተዘበራረቁ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ያኔ መስታወት ሆነ ይባላል። የኔ ሥራ ሊቆሙ ሲሉ ያለችውን ያቺን ጭንቅ ሰዓት መከታተል ነው። ፈሳሽ ነው እንዳትዪው አይፈስም፤ ድንጋይ ነው እንዳትዪው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

ክሮቹን በዓይን ማየት ስለማይቻል ብርሃን እንልክባቸዋለን። ቀጭን የሌዘር ብርሃን በብልቃጡ ውስጥ ሲያልፍ ጥቂቱ ወደ ጎን ይበተናል። የተበተነውን ነጭ ወረቀት ላይ ብትቀበዪው ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ነጠብጣቦቹም ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ክሮቹ ሲፈጥኑ ብልጭታው ይፈጥናል፤ ክሮቹ ሲዘገዩ ይዘገያል። መሣሪያው ብርሃኑን እየቆጠረ «ያሁኑ ከቅድሙ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል?» እያለ ሲያስተያይ ይውላል። መመሳሰሉ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ ነው እኔ የምፈልገው ቁጥር። ወደ መስታወትነት ሲቃረብ ያ ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ተነሥቶ ሰዓታት ይደርሳል። ባጭሩ ሥራዬ ስለላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት አንቺ ቤት የጀመርኩትን ነው።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ግድግዳው ጥቁር፣ መጋረጃው ጥቁር፣ ከበሩ በላይ ሌዘሩ ሲበራ የምትቀላ አምፖል አለች። በሩ ሲዘጋ በራሱ ይቆለፋል። ብልቃጡ የጣት ያህል ነው፤ ወፍራም የብረት ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ የፈላ ውሃ ያህል ሙቀት ላይ ይቀመጣል። ሳጥኑ ክዳን አለው፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ ሙቀት እንዳይወጣ እንደ ፍራሽ የተጠቀጠቀ መሸፈኛ ይደረብበታል። የክፍሉ ቁልፍ ያለን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ አለቃዬ፣ እኔና ሰውዬው።

ሰውዬው የመሣሪያዎቹ ኃላፊ ነው። ሌዘሩን የሚያስተካክለውም፣ የተሰበረውን የሚጠግነውም እሱ ነው። እንደኔ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ከየት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ለስላሳ የጎማ ጫማ ስለሚያደርግ ኮቴ የለውም። ዞር ስትዪ ከኋላሽ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ጠዋት «ደህና አደርሽ» ካለ እስከ ማታ ሌላ ቃል አይወጣውም። በአጠገቡ ሳልፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተውን ነገር ቶሎ ይዘጋል። አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ይህን ሁሉ አይቼ እንዴት ልተኛ? በልቤ «ኮቴ የለሽ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስም ካወጡለት በኋላ ሰውን መጠርጠር ይቀላል።

አዲስ ናሙና አስገብቼ መለካት ስጀምር ቁጥሩ በየቀኑ ይለያይብኝ ጀመር። ማክሰኞ አንድ ነገር ነው፣ ረቡዕ ከዚያ የዘገየ፣ ሐሙስ ከዚያም የባሰ የዘገየ። ሙቀቱ ያው፣ ብልቃጡ ያው፣ ሌዘሩ ያው። ለአለቃዬ ነገርኳት። አለቃዬ ጸጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ የምትተክል ሴት ናት። ታገሺው፣ ገና አልረጋ ይሆናል አለችኝ። እኔ ግን ታገሺ የሚል ሰው የሚሸፋፍነው ነገር አለው ብዬ እሷንም ለጊዜው መዝገብ ውስጥ ከተትኳት። በዚያው ቀን ኮቴ የለሽ፣ አብረን መሥራት ከጀመርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ናሙናሽ ስንት ዲግሪ ላይ ነው? አለኝ። እዚህ መቆየቴ የተንጠለጠለው በዚህ ልኬት ላይ ነው፤ አልቆ ካልታተመ ውሌ አይታደስም። ታዲያ እሱ ዲግሪውን ምን ሊያደርግበት?

ያን እሑድ ስደውልልሽ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልሽኝ። ምልክት አድርጊበት፣ ምልክት ደግሞ ሌባው በሚያየው ቦታ አይደረግም፣ አይቶ መልሶ ይገጥመዋል፣ ውስጥ አድርጊው አልሽኝ። የምታውቂውን ነው የነገርሽኝ። የፋብሪካው ግምጃ ቤት ከእጅሽ አንድ ድውር ሳይጎድል ጡረታ የወጣሽው በዚህ ዘዴ ነው፤ ቤትም ቢሆን የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በጥፍርሽ የምትጭሪውን መሥመር ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም ከካፖርቴ ጫፍ አንድ ቀጭን ክር መዘዝኩና ከብልቃጡ ቡሽ ወደ ብረቱ ጠርዝ ዘርግቼ ሁለቱን ጫፎች በኢምንት ሙጫ አጣበቅኳቸው። ከውጭ አይታይም። ብልቃጡን የነካ ሰው ክሩን ሳይበጥስ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስደርስ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ የማደርገው መሸፈኛውን አንሥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ክሩን አይቼ መልሼ መዝጋት ሆነ። ሻማ እፍ ብለሽ የምታጠፊበትን ያህል እንኳ አይፈጅም።

ቁጥሮቹ ግን ባሰባቸው። ቀድሞ ቢያንስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዱ ነበር፤ አሁን እንዳሻቸው ሆኑ። ክሩ እንዳለ ነው፣ ቁጥሩ ግን ዛሬ ወደ ላይ ነገ ወደ ታች። ሌባው ብልጥ ነው ብዬ የበለጠ ተጠነቀቅኩ። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ክዳኑን ብከፍት ክሩ ወድቋል። እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ ደስ አለኝ። የጠረጠሩት ነገር ተገኘ ሲባል የሚሰማው ደስታ ክፉ ደስታ ነው፤ ግን ደስታ ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ደወልኩልሽ። አንቺም ገና ሳልጨርስ ፈረድሽ።

«ክር በራሱ አይወድቅም። ቁልፉን አስነጥቂው» አልሽኝ።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሲነካ ያየሽው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እጅ ከፍንጅ አልያዝኩም፣ ግን ቁልፍ ያለን ሦስት ሰዎች ነን፤ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ አይደለሁም አልኳት። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። የሰውዬው ውል የሚታደስበት ጊዜ እንደደረሰ አውቅ ነበር። ካልታደሰለት እንደኔው አገሩን ለቆ የመጣ ሰው ነውና ሻንጣውን ይዞ መሄድ ነው ያለው። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በማግስቱ ጠርታው፣ ነገሩ በኮሚቴ እስኪታይ ቁልፉን እንዲያስረክብ ነገረችው። በሩ ክፍት ስለነበር ከኮሪደሩ አየሁት። ቁልፉን ከቀለበቱ ሊያወጣ ሲል ጥፍሩ አልገባለት አለና ትንሽ ታገለ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ንጹሕ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር አልኩ በሆዴ።

ጥቂት ቆይቶ የምድር ቤቱ ኮሪደር ቀለም ሊቀባና ወለሉ ሊታደስ ሆነና ማንም እንዳይገባ ተባለ። መብራቱ ስላልተቋረጠ መሣሪያው ብቻውን ሲለካ ሰነበተ። እኔ እዚህ ክፍሌ ውስጥ ማሞቂያው ሲንኳኳ እየሰማሁ፣ ሰውዬው ሲገርመኝ አሁን ደግሞ ቀለም ቀቢዎቹን ስጠረጥር ሰነበትኩ። አንደኛው ቀጭን ነው፣ በጠባብ በር ይሾልካል ብዬ ነው። ምድር ቤቱ ተከፍቶ ስገባ ግን ግራፉ አምሮበት ጠበቀኝ። መሥመሩ እንደ ተተኮሰ ልብስ ለስላሳ ሆኗል፤ ቁጥሩ ወደ አንድ ቦታ ሄዶ እዚያው ረግቷል። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ቁልፉ ሲነጠቅ ሥራዬ ዳነ ብዬ ደወልኩልሽ፤ አንቺም ስልኩን ሳትዘጊ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ስትነግሪያት ሰማሁ። ድምፅሽ ውስጥ ኩራት ነበር።

ያ ደስታ አልሰነበተም። ልማድ አይለቅምና ክሩን እንደገና ዘረጋሁ፣ በማግስቱ ጠዋት መጥቼ ከፍቼ አየሁ። ክሩ እንዳለ ነው። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን ሳየው ተበላሽቷል። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ሰውዬው ቁልፍ የለውም፤ ከነጭራሹ ወደ ምድር ቤት አልወረደም፣ ላይ ወርክሾፕ ውስጥ ነው የሚውለው።

እንግዲህ ማን ይሁን? አለቃዬን ጠረጠርኩ፤ ያን ሳምንት ለስብሰባ ሌላ ከተማ ነበረች። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠረጠርኩ፤ እሷ ደግሞ ሌዘር ዓይን ያጠፋል ብላ ከደፉ አታልፍም፤ የቆሻሻ ቅርጫታችንን እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ ነው የምታወጣው። ኤሌክትሪኩን ጠረጠርኩ፤ ላይኛው ፎቅ ወንበር የሚጎትቱትን ተማሪዎች ጠረጠርኩ፤ ሌዘሩ ራሱ ሸፍጦ እንደሆነ ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ፈተሽኩት። ተጠርጣሪዎቼን አንድ በአንድ ስለቅቃቸው ቁልፍ የያዘ ሰው አንድ ብቻ ቀረ። ቁልፉም የኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

በራሴ ላይ እንኳ ቶሎ አልፈረድኩም፤ ለራስ ሲሆን ምስክር ይበዛል። ክዳኑን ስከፍት የሙቀት መለኪያው ላይ አንዲት ቁጥር አትነቃነቅም እኮ አልኩ። ኋላ መለኪያው የተቀበረበትን ቦታ ሳየው ብረቱ ውስጥ ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ አይደለም። ወፍራም ብረት ቅንጣት ቀዝቃዛ አየር አይሰማውም። ብልቃጡ ግን ይሰማዋል። ስለዚህ ሆን ብዬ ሞከርኩት። ናሙናውን ሳልነካው ተውኩት፤ ረጋ። ከዚያ መሸፈኛውን አነሣሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ክር የሚታይበትን ያህል ቆየሁ፣ ዘጋሁና ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ረግተው የነበሩት ነጠብጣቦች ተተረማመሱ። ወደ ነበሩበት ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እኔ ደግሞ የምከፍተው በየቀኑ ነበር።

ገባሽ እማዬ? ብልቃጡን ማን ነካው እያልኩ ስነካው የከረምኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ሳምንት መለያየት አለቃዬ እንዳለችው አለመርጋት ነበር፤ ከመስታወትነት አፋፍ ላይ ያለ ነገር ሙቀቱ ቢቆምለትም ክሮቹ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የኔ ዘበኝነት ነው። ምልክቱን ውጭ አድርጌው ቢሆን ምንም ባልሆነ ነበር። ክሩንም ማንም አልበጠሰውም፤ ሙጫው በዚያ ሙቀት ደርቆ ረግፎ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጧም ልጅሽ ናት። አሁን ውሃውን አጠጫት ሚጣ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርሽ? ዝም ማለት። ማንም አያውቅብኝም። ከእንግዲህ ሳልከፍት ብለካ ቁጥሩ ያምራል፣ ሰው ሁሉም «ቁልፉ ሲነጠቅ ዳነ» ይላል። ብናገር ግን የወራት ልፋቴን ውሃ በላው ማለት ነው፤ የኔም ውል አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ያን ሐሳብ ሳገላብጥ ዋልኩ። የሰውዬው ወንበር ባዶ ነው። ሹራቡን የወንበሩ ጀርባ ላይ ረስቶት ሄዷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱ ጥሩ አይደለም። ራሱ ይሁን የሰፋው ሌላ ሰው ይሁን አላውቅም። ስለ እሱ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ግን ሌባ መሆኑን አውቃለሁ ብዬ መስክሬበታለሁ። አንጀቴን በላው።

ሐሙስ ከስብሰባው በፊት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። እንደልማዷ ጠረጴዛውን እያየች ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ከረጋ በኋላ ክዳኑ እንደማይከፈት የነገረሽ ሰው አልነበረም? አለች። ነበር አልኳት። የነገረኝ እሱ ነው። መሣሪያውን ባሳየኝ ቀን «አንዴ ከዘጋሽው አትንኪው» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አትንኪው ያለኝ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ብዬ ነበር። አለቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ምነው ዝም ብላ ጠረጴዛውን ባየች ብዬ ተመኘሁ።

ስብሰባው ላይ ራስሽ ትናገሪያለሽ አለችኝ፤ ተናገርኩ። ሰውዬው ጥግ ላይ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። አንቺ ብትሰሚኝ ታፍሪብኝ ነበር፣ ወይም ታዝኚልኝ ነበር፣ አላውቅም። የሱ ውል ታደሰ። የኔ ጉዳይ ሥራው እንደገና ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ይታያል ተባለ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ አለኝ። ይደርሳል ወይ ብትዪኝ እንጃ፤ መጠበቅ ያለበት ነገር በጩኸት አይፈጥንም።

ስንወጣ አለቃዬ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና አንቺው መልሺለት አለችኝ። ወርክሾፕ ውስጥ አገኘሁት፣ ብረት ይሞርዳል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሞረዱን አስቀመጠና እጁን ጠረገ። ቁልፉን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ያን ቁልፍ ካንቺ ከተቀበልኩ፣ አንቺ የሰጠሽኝ፣ ስትፈልጊም የምትወስጂው ነገር ይሆናል። ይቅርብኝ፤ አንኳኳለሁ» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩለት፣ «ደህና አደርሽ» አለና ወደ ወንበሩ ሄደ። መፍቻ ሊያመጣ ይወጣል፣ በሩ ይቆለፍበታል፣ ተመልሶ ያንኳኳል። ቡና ሊቀዳ ይወጣል፣ ተመልሶ ያንኳኳል። እኔም ከጀመርኩት ሥራ እየተነሣሁ እከፍታለሁ። ከኔ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው፣ ሌዘሩን በእጁ የተከለ ሰው፣ በገዛ ክፍሉ ደጅ እንደ እንግዳ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሊቀጣኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ አሁንም እጠረጥራለሁ። ቢሆንስ? መብቱ ነው። በአጠገቡ ሳልፍም አሁንም ኮምፒውተሩን ይዘጋል። ምን እንደሚያይ አላውቅም። አያገባኝም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ፤ ያንቺ ልጅ ነኝና በአንድ ስብሰባ አልድንም።

እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ፤ ከትናንት በስቲያ ዓርብ ግን አልቻልኩም። እሱ ጎንበስ ብሎ መስተዋቶቹን ሲያስተካክል ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ፤ የራሴንም ቁልፍ አወጣሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ። ኮሪደሩ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ትንሽ ቆሜ አንኳኳሁ። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳሁ። አልሰማ ይሆን? ሰምቶ ይሆን ዝም ያለው? ቁልፎቹን አይቶ ምን እያሰበ ነው? አዲስ ወጥመድ ዘረጋችልኝ ቢልስ? ኮቴ ስለሌለው ወደ በሩ መምጣቱን በጆሮ ማወቅ አይቻልም፤ እንዲሁ እንጨቱን እያየሁ ቆምኩ። አንዲት ተማሪ አልፋ ሄደች፣ ቁልፍ ጠፋብሽ? ብላኝ። አልጠፋብኝም አልኳት።

«ማነው?» አለ ከውስጥ፤ እኔ መሆኔን እያወቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ትንሽ አቆየኝ፤ ከዚያ ከፈተልኝና ወደ ሌዘሩ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባን ጉልበቱን ስመሽ፣ ሳሉን ደብቆ እንዳይሸነግለኝ ንገሪልኝ። ሚጣን እስካሁን በታማኝነት አንብባ ከሆነ ግንባሯን ሳሚያት፤ ከዘለለች ግን ደርሼበት እስክመጣ ትጠብቀኝ። ሾፌሩ ወንድሜ ፍሬኑን ሳያስፈትሽ ቁልቁለት እንዳይወርድ፣ ሚስቱም ሁለተኛውን በሰላም እንድትገላገል እንደምጸልይ ንገሪያቸው፤ ትልቁን ልጃቸውን ጉንጩን ንከሺልኝ። የኋላ ክፍሉን የተከራየው ጡረተኛ አስተማሪ ሬዲዮውን ቀስ አድርጎ ስለሚከፍት ምን እንደሚሰማ አትጨነቂ፤ ዜና ነው።

ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ደግሞ ለብቻዋ ሰላምታ አለኝ። በአጥር የነገርሻትን በአጥር መልሺላት፤ ሰውዬው ሌባ አልነበረም በያት። ታዲያ ማን ነበር ብላ ከጠየቀችሽ፣ ልጄ ናት በያት።

ልጅሽ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከማሞቂያው አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት ፲፩ ቀን